ስንቱ ጸደቀ?

ኬንያዊቷ የአካባቢ ጥበቃ ታጋይ ዋንጋሪ ማታይ ልጅ እያለች እናቷ እንጨት ልቀሚ ብለው ይልኳት ነበር። ከአንድ ዛፍ ግን እንዳትለቅም አስጠንቅቀዋታል። ሙጉሞ ይባላል፤ የኛ ሾላ ዘመድ ነው። የእግዜር ዛፍ ስለሆነ ጭራሮው እንኳ አይነካም። በአካባቢው ምንጭ ይፈልቃል። ትንሿ ዋንጋሪ ውሃው ውስጥ ገብታ የእንቁራሪት እንቁላል እንደ ዶቃ ልትለቅም ትሞክራለች፤ እጇ ላይ እየፈረሰ ያስቸግራታል። ካደገች በኋላ ስትመለስ ዛፉ ተቆርጧል። ምንጩም ደርቋል።

ይህን የማነሳው አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2027 የተባበሩት መንግሥታትን የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ 32ን፣ ልታስተናግድ ስለሆነ ነው። በዚህ ጉዳይ ጥቁር ሴት ብዙ ጊዜ የምትታየው በፎቶ ነው። ጄሪካን አዝላ፣ የተሰነጠቀ መሬት ላይ ቆማ። ዕቅድ ሲወጣ የለችም። አንዳንዴ ከፎቶውም ትቀራለች። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ኡጋንዳዊቷ የአየር ንብረት ተሟጋች ቫኔሳ ናካቴ ስዊዘርላንድ፣ ዳቮስ ላይ ከአራት ነጭ ወጣት ሴቶች ጋር ፎቶ ተነሳች። የዜና ድርጅቱ አሶሼትድ ፕሬስ ፎቶውን ሲያወጣ እሷ ተቆርጣለች። በኋላ ይቅርታ ተጠየቀ።

ጥቁር ሴቶች ማቀድማ ያውቁበታል። የኬንያ ገጠር ሴቶች ለዋንጋሪ የነገሯት ቀላል ነገር ነበር፦ ማገዶ ራቀ፣ ውሃ ጠፋ፣ ልጆቻችን በደንብ አይበሉም። «ለምን ዛፍ አንተክልም?» አለቻቸው። እ.ኤ.አ. 1977 ነው፤ የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄ እንዲህ ተጀመረ። የደን ባለሙያዎቹ ግን ዛፍ መትከል ዲፕሎማ ይፈልጋል አሉ። ሴቶቹ ዝም ብለው ከየአካባቢያቸው ዘር ለቀሙ፤ በተሰበረ ገንቦ ሳይቀር ችግኝ አፈሉ። ክፍያም ነበራቸው። ትንሽ ሳንቲም ናት፤ የምትከፈለው ግን በሕይወት ለቆየው ችግኝ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ይሄኛው ነው። እኛ ችግኝ ሲይዝ «ጸደቀ» እንላለን፤ ለነፍስ በምንለው ቃል። እነዚያ ሴቶች የቆጠሩት የጸደቀውን ነው። እ.ኤ.አ. 2004 ላይ ዋንጋሪ የኖቤል የሰላም ሽልማት ስትቀበል ከ30 ሚሊዮን በላይ ዛፍ ተተክሎ ነበር። በመሃል፣ እ.ኤ.አ. 1989 ላይ፣ መንግሥት ናይሮቢ ኡሁሩ ፓርክ ውስጥ 60 ፎቅ ሊሠራ ሲነሳ ተሟግታ አስቀርታለች። ብዙ ተሰድባበታለች።

ወደኛ ስንመጣ፣ ሐምሌ 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ተናግሯል። ያን ቀን የወጣው ሕዝብ ልብ ይሞላል። ግን ጥር ላይ ውሃ የሚያጠጣው ማነው? ፍየል የሚከለክለውስ? አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ናቸው፤ ያውም በነጻ። ሦስት በጋ ላለፈ ችግኝ ሁሉ ለተንከባካቢዋ ይከፈላት። ያኔ ስንቱ እንደጸደቀ እሷው ትነግረናለች።

እንጦጦ ዳገት ላይ የባህር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶችን ያላየ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ሸክሙ ከኋላ ሲያዩት ሰው ያለበት አይመስልም። ከሥሩ የምትታየው ተረከዝ ብቻ ናት። የትኛው ቁልቁለት እንደተራቆተ፣ የቱ ምንጭ እንደነጠፈ በእግራቸው ያውቁታል። እነሱ በ2027 ከአዳራሹ ውጭ ለእንግዳ የሚታዩ እንዳይሆኑ እሰጋለሁ። ከአሁኑ ተጠርተው ዕቅዱ ላይ ይቀመጡ። በአማርኛም በኦሮምኛም፣ በለመዱት ቋንቋ ይናገሩ። የአስተርጓሚ ማዳመጫውን ሌሎቹ ያድርጉ።