ባለ አራት አውታሩ ማሲንቆ

የመጽሐፍ ሽፋን በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) መሠራቱ ምን ነውር አለው? ዕድሜውን ሙሉ ሽፋን ሲሠራ የኖረ ሠዓሊና በራሷ ገንዘብ የምታሳትም ደራሲ ይከራከራሉ።

ሠዓሊው፦ በቀደም አንድ አሳታሚ "ትንሽ አስተካክልልን" ብሎ በኤአይ የተሠራ የሽፋን ሥዕል ላከልኝ። አዝማሪው ጋቢውን ደርቦ ቁጭ ብሏል፤ ያምራል። ማሲንቆው ግን አራት አውታር አለው! ከፈረስ ጭራ የተሠራች አንዲት አውታር ብቻ እንዳለችው ማሽኑ ከየት ይወቅ? የለመደው ቫዮሊን ነው። የርዕሱ ፊደላትም ከሩቅ ፊደል ይመስላሉ እንጂ አይነበቡም። ማረሙ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ የተከፈለኝ ግን የ"ማስተካከያ" ነው። ሥራውማ አልቀረም፤ የቀረው ዋጋው ነው።

ደራሲዋ፦ ጋሼ፣ በዚህስ ልክ ነዎት፤ ሙሉውን ሊከፍልዎት ይገባ ነበር። ግን የእኔንም ይዩልኝ። ወረቀቱንም ማተሚያ ቤቱንም የምከፍለው ከደሞዜ ነው። አከፋፋዩ ድርሻውን ቆርጦ የቀረውን እስኪሰጠኝ ወራት ያልፋል። የመጀመሪያ መጽሐፌ ሽፋን የጓደኛዬ ልጅ በስልኳ ያነሳችው ፎቶ ነበር። ታዲያ አሁን ኤአይ ብጠቀም የማንን እንጀራ ነጠቅኩ? ድሮስ መቼ ሠዓሊ ጋ ሄጄ አውቃለሁ?

ሠዓሊው፦ አንቺስ እሺ። ማሽኑ ግን የተማረው በአብዛኛው ባለቤቶቻቸው ሳይጠየቁ ከኢንተርኔት ከተለቀሙ ሥዕሎች ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የፊልም ጸሐፊዎች 148 ቀን ሥራ ሲያቆሙ አንዱ ጥያቄያቸው ኤአይ ነበር። አሠሪው ከማሽን የመጣ ጽሑፍ ሲሰጣቸው እንዲነግራቸው በውል አስረውታል። እኛ ምን አለን? በስልክ ተነጋግረን ነው የምንሠራው።

ደራሲዋ፦ ውል ይኑር ካሉ አብሬዎት እፈርማለሁ። እነሱ ግን ማሽኑን አላስከለከሉም፤ ጸሐፊው ከፈለገና አሠሪው ከፈቀደ ይጠቀምበታል። እርስዎ ጭራሽ አይነካ ነው የሚሉት።

ሠዓሊው፦ አላልኩም። "የሽፋን ሥዕል፦ እገሌ" በሚባልበት ቦታ ማንን እንደምትጽፊ ብቻ ንገሪኝ። በቅጂ መብት አዋጃችን፣ በ410/1996፣ የሥራ አመንጪ የሚባለው ሥራውን በአእምሮው ያፈለቀ ሰው ነው። ነገ ሌላው ያንኑ ሥዕል አንስቶ መጽሐፉ ላይ ቢለጥፈው ምን ብለሽ ትከሺዋለሽ?

ደራሲዋ፦ ይቺን አላሰብኳትም። ግን ጋሼ፣ ሽፋኔን የሚሰርቅ ከተገኘ መጽሐፌ ተሸጧል ማለት ነው። ያኔ ለሁለተኛው እትም እርስዎ ጋ እመጣለሁ፤ ዋጋም አልከራከርዎትም። የመጀመሪያው ግን በማሽኑ ይወጣል፤ ማሲንቆም የለበትም።