ታሪኩ ይደርሳል፤ መጀመሪያ ይዘለል

የትልቅ አክሽን ፊልም ተከታይ ክፍል ሲታሰብ፣ ሆሊውድ ውስጥ ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «ታሪኩ ምንድን ነው?» አይመስለኝም። «ዘንድሮስ ከምን ላይ ይዘለል?» ነው። ታሪክ ለክፍል አንድ ነው። ክፍል ስድስት የደረሰ ፊልም ታሪክ ምን ያደርግለታል?

የቶም ክሩዝን «ሚሽን ኢምፖሲብል» እንይ። (ዓመቱን በፈረንጅ ቁጠሩልኝ።) በ2011 በወጣው አራተኛ ክፍል ዱባይ ሄዶ፣ የቡርጅ ኻሊፋን መስኮት አስወልቆ፣ ውጪ ግድግዳው ላይ ተንጠለጠለ። ሁላችንም ዱባይ አንድ ዘመድ አለችን፤ እዚያ ሕንፃ ሥር ቆማ የተነሳችውን ፎቶም ልካልናለች። ሰውየው ግን ከላይ ነው የተነሳው። በ2015 ደግሞ ከመሬት በሚነሳ ወታደራዊ አውሮፕላን ጎን ላይ ተለጥፎ በረረ። አንዴ አልበቃውም፤ 8 ጊዜ። እንግዲህ ስድስተኛው ክፍል ሲመጣ ሕንፃውም አውሮፕላኑም ተበልቷል።

ስድስተኛው «ፎልአውት» ይባላል፤ የ2018 ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ማክዌሪ ቀረጻ የጀመረው ያለቀ ስክሪፕት ሳይኖረው ነው። ይህንን እኔ አላወጣሁበትም፤ ራሱ ነው የተናገረው። በጀቱ 178 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው የሚባለው። እኔ ለአንዲት ፎቶ ኮፒ ማሽን ብድር ብጠይቅ ቢዝነስ ፕላን አምጣ ተባልኩ፣ ዋስ አምጣ ተባልኩ፣ የዋሱ ደሞዝ ይጣራ ተባለ። «ስጡኝና እየዘለልኩ አስብበታለሁ» ብል የሚሸኘኝ ጥበቃው ነበር።

ዝላዩ ግን ታስቦበታል። አንደኛው ለንደን ውስጥ ከጣሪያ ወደ ጣሪያ ነው። ነሐሴ 2017 ላይ ቶም በገመድ ታስሮ ዘለለ። እግሩ የማዶውን ግድግዳ መታ። ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? እሱ በእጁ ተንጠልጥሎ ጣሪያው ላይ ወጣ፤ ከዚያ ሾቱ እንዳይበላሽ በተሰበረው እግሩ እያነከሰ ካሜራውን አልፎ ሮጠ። ቀረጻው እንዳለ ፊልሙ ውስጥ ገብቷል። ይህንን ሳሎን ውስጥ ሳስረዳ አክስቴ ከሶፋው ተነሳች። «ታዲያ ምን ቆመው ያዩታል? ወጌሻ ጋ አይወስዱትም?»

ወጌሻ ባይሆንም ሐኪም ጋ ሄደ። ቀረጻው ለሳምንታት ተቋረጠ። ማክዌሪ ያንን ጊዜ እስከዚያ የተቀረጸውን ለማየትና የቀረውን ለማሰብ ተጠቀመበት። ታሪኩ እንዲታሰብበት አጥንት መሰበር ነበረበት ማለት ነው።

የዚህ ፊልም ትልቁ ድራማ ግን እግር ላይ ሳይሆን ከአፍንጫ በታች ነው የተካሄደው። ተዋናዩ ሄንሪ ካቪል «ፎልአውት» ላይ ሪዛም ሰላይ ነው። እንደዚያ ያለ ሪዝ ደግሞ በአንድ ሌሊት አይበቅልም። በመሃል ሌላው ስቱዲዮ ዋርነር ብራዘርስ ጠራው፤ «ጀስቲስ ሊግ» የሚባል ፊልም ላይ በሱፐርማንነት የሠራው ድጋሚ መቀረጽ አለበት። ሱፐርማን ሪዝ የለውም። እንግዲህ ሁለት ስቱዲዮ እንደ ተቀያየሙ አማቾች በአንድ ሰው ሪዝ ላይ ሽምግልና ተቀመጠ። ይላጭ፣ እስኪያበቅል በኮምፒውተር ይሞላለት፣ ወጪውም 3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይሆናል የሚል ሐሳብ ቀረበ። የ«ፎልአውት» ስቱዲዮ ፓራማውንት አሻፈረኝ አለ። ሪዟ አትነካም!

ዋርነር ምን ያድርግ? ሱፐርማንን ከነሪዙ ቀረጸውና ሪዙን በኮምፒውተር አጠፋው። ፊልሙ በ2017 መጨረሻ ሲወጣ የሰውየው የላይኛ ከንፈር ከተቀረው ፊቱ ጋር ተኳርፏል። ጀግናው ከሞት ተነስቶ ዓለምን ሊያድን መጥቷል፤ ተመልካቹ «ኧረ ከንፈሩን እየው!» ይላል። አንድ ምላጭ የሚፈታው ነገር ነበር።

አቡ ዳቢ ላይ ያለውን የፓራሹት ዝላይ እንለፈው ብል ካሜራማኑ ያሳዝነኛል። ትዕይንቱ ፀሐይ ስትጠልቅ ባለችው ጥቂት ደቂቃ ውስጥ መያዝ ስለነበረበት ቢበላሽ ነገ ነው። ከ100 ጊዜ በላይ ተዘለለ። ቶም ሲወድቅ እንዲቀረጽ ከፊቱ አብሮት የሚወድቅ ሰው ያስፈልጋል፤ ያውም ጭንቅላቱ ላይ ካሜራ አስሮ። ፖስተሩ ላይ ፈልጉት፤ የለም።

ከዚያ ሰባተኛው መጣ። ኖርዌይ፣ ተራራ ጫፍ ላይ የተሠራ መንደርደሪያ፣ ሞተር ሳይክል። ቶም በሞተሩ እየነዳ ገደል ይገባል፣ ሞተሩን ይለቃል፣ ፓራሹቱን ይከፍታል። ይህ የተቀረጸው መጨረሻ ላይ እንዳይመስላችሁ። በዋናው ቀረጻ የመጀመሪያ ቀን ነው። ምክንያቱን ቶም ራሱ ሲያስረዳ፣ ፊልሙ ይቀጥል አይቀጥል ከጅምሩ እንዲታወቅ ነው። በግልጽ አማርኛ፦ ከሞትኩ በጊዜ ልሙት፣ የሰው ገንዘብ አይባክን። እንዲህ ያለ ለአሠሪው የሚያስብ ሠራተኛ የትኛው መሥሪያ ቤት አለ? የኛ ቢሮ ሰው ሲያስነጥሰው የሕመም ፈቃድ ይሞላል።

እሱ ሁሉ ሆኖ፣ በ2023 ፊልሙ ሲወጣ ሰዎቹ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚሯሯጡት ለሁለት የተከፈለ አንድ ቁልፍ ፍለጋ ነው። ሮም ላይ ይሯሯጣሉ፣ ቬኒስ ላይ ይደባደባሉ፣ ባቡር ድልድይ ላይ ይንጠለጠላል። ቁልፉን የሚያሳድዱት ሰዎች ምን እንደሚከፍት አያውቁም። እኛም ሳሎን ውስጥ ፈንድሻችንን ይዘን ተከተልናቸው። አንድ ሰው ብቻ ጠየቀች፤ አክስቴ።

«ቆይ ግን፣ ቁልፉ የምን ነው?»

«እትዬ፣ አንዴ ዝም ይበሉማ፣ ሊዘል ነው!»