ማስተካከያ፦ በ2015 የተፈረመው የማን ሕግ ነው?

ለጅማ የክርክር ክበብ ተሳታፊዎች ባዘጋጀነው መነሻ ጽሑፍ «ኦባማ በ2015 የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን የሚፈቅድ ሕግ ፈረሙ» ብለን ጽፈን ነበር። ስህተት ነው።

ኦባማ እንዲህ ያለ ሕግ አልፈረሙም። ግንቦት 1 ቀን 2004 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 9 ቀን 2012) በቴሌቪዥን ቃለ ምልልስ ድጋፋቸውን ገለጹ፤ ይህ አቋም እንጂ ሕግ አይደለም። በአሜሪካ የጋብቻ ፈቃድ የሚሰጡት ክፍላተ ግዛቶች ስለሆኑ የፕሬዚዳንቱ ቃል ብቻውን አንድም መዝገብ አይከፍትም። በመላ አገሪቱ እንዲፈቀድ ያደረገው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነው፤ ሰኔ 19 ቀን 2007 ዓ.ም. (ጁን 26 ቀን 2015)፣ በ5 ለ4 ድምፅ፣ በሕግ ፊት እኩልነትን በሚያረጋግጠው በ14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ላይ ተመሥርቶ። ሕግ የፈረሙት ባይደን ናቸው፦ ታኅሣሥ 4 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ማለትም ዲሴምበር 13 ቀን 2022። ያ ሕግም ቢሆን ክፍላተ ግዛቶች በሌላ ግዛት ለተፈጸመ ጋብቻ ዕውቅና እንዲሰጡ ያስገድዳል እንጂ ፈቃድ እንዲሰጡ አያዝዝም።

ሁለቱን 2015ቶች ያቀላቀልነው ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. ሳንለይ በመጻፋችን ነው። እርማቱ ከፍርዱና ከሕጉ ጽሑፍ የተወሰደ ነው።

በስህተቱ ላይ ተመሥርታችሁ «መሪ ከፈለገ በፊርማ ይለውጠዋል» የሚል ነጥብ ያዘጋጃችሁ ቡድኖች፣ እባካችሁ አውጡት። ውሳኔው እዚህ የሚለውጠው ነገርም የለም፤ በጅማ ጋብቻ የሚመራው በኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ ነው፤ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን የሚከለክለው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629ም እንደጸና ነው።