እሳቱን ሴት ልጅም ትለኩሰው

የህንድ ፊልም እያየ ያደገ ሰው የሂንዱ ሠርግ አዲስ አይሆንበትም። ሙሽሮቹ እሳት ፊት ሆነው አብረው ሰባት እርምጃ ይራመዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው የህንድ ሕግም ይህ ሥርዓት ካለ ጋብቻው የሚጸናው ሰባተኛው እርምጃ ሲረገጥ ነው ይላል። ሠርግ ግን ከብዙዎቹ አንዱ ብቻ ነው። ሂንዱዎች ሰውን ከፅንሰት እስከ ሞት ደረጃ በደረጃ የሚሸኙባቸው ሥርዓቶች አሏቸው። ሳምስካራ ይሏቸዋል። ብዙ ጊዜ 16 ናቸው ይባላል። የእኔ ጉዳይ የመጨረሻው፣ አስከሬን የሚቃጠልበት እሳት ነው።

ሕፃኑ በተወለደ በ11ኛው ወይም በ12ኛው ቀን ስም ይወጣለታል። በስድስት ወሩ ገደማ የመጀመሪያዋን ሩዝ ይቀምሳል። ያን ቀን ቤንጋል ውስጥ ብዕር፣ መጽሐፍ፣ አፈርና ገንዘብ ፊቱ ይደረደራል፤ ቤተሰቡ የቱን ያነሳ ይሆን ብሎ ይጠብቃል። ፀጉር መላጨቱና ጆሮ መብሳቱም በየጊዜው ይከተላሉ።

እኔ ከሁሉም የምወደው በኬረላ ግዛት የሚደረገውን የፊደል ማስጀመሪያ ነው። ቪድያራምባም ይባላል። በቪጃያዳሻሚ በዓል ጠዋት ትንሽ ልጅ አንድ የተማረ ትልቅ ሰው ጭን ላይ ይቀመጣል። ጣቱን ይዘው ትሪ ላይ በተዘረጋ ሩዝ የመጀመሪያ ፊደሉን ያስጽፉታል። በቤተ መቅደስም በቤተ መጻሕፍትም ይደረጋል። አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት እንኳ የምእመናኖቻቸውን ልጆች እንዲሁ ፊደል ያስጀምራሉ። ደስ የሚለው ነገር ሴቷም ወንዱም እኩል መጻፋቸው ነው።

ሌላው ሥርዓት ሁሉ እንዲህ በሩ ክፍት አይደለም። ልጁ ክር የሚያጠልቅበትና ጋያትሪ የሚባለውን ጸሎት የሚቀበልበት ኡፓናያና ለረጅም ዘመን ለሦስቱ የላይኛ መደቦች ወንዶች ብቻ ነበር። ከዚያ በፊት፣ ገና በእርግዝናው ሦስተኛ ወር አካባቢ፣ ፅንሱ ወንድ እንዲሆን የሚለመንበት ፑምሳቫና የሚባል ሥርዓት አለ። መጨረሻ ላይ ደግሞ አስከሬን ሲቃጠል የእንጨቱን ክምር የሚለኩሰው በልማድ የበኩር ወንድ ልጅ ነው። አባቱን ከሲኦል የሚያድነው ወንድ ልጅ ነው የሚል የቆየ እምነትም አለ።

ለእኔ ትልቁ ችግር እዚህ ጋ ነው። የሰው ሕይወት በወንድ ልጅ ልመና ተጀምሮ በወንድ ልጅ እጅ የሚዘጋ ከሆነ፣ ሴት ልጅ ብቻ ያለው አባት ጎዶሎ እንደሆነ ይሰማዋል። ህንድ የፅንስ ፆታ መለየትን እ.ኤ.አ. በ1994 በሕግ ከልክላለች። ሆኖም በ2011 ቆጠራ ከ0 እስከ 6 ዓመት ካሉ ሕፃናት መካከል ለ1,000 ወንዶች የተገኙት 919 ሴቶች ነበሩ። ለዚህ የሴቷ ወገን የሚሰጠው ጥሎሽም፣ ርስቱም፣ የጡረታ ስጋቱም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። የመጨረሻው እሳት ጉዳይ ግን ቤተሰቡ ራሱ ዛሬውኑ ሊያስተካክለው የሚችል ነው። ሕግ መጠበቅ አያስፈልገውም።

"ከጥንት የመጣ ነው፤ አይነካም" የሚሉ አሉ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው የአባቶቹን ሥርዓት አጥብቆ ቢይዝ አልፈርድበትም። ግን ሳምስካራ ራሱ ሲለዋወጥ የኖረ ነው። ጋውታማ የተባለው የጥንት ሕግ አዋቂ 40 ቆጥሮ ነበር። ሃሪታ የተባለው ሌላው ደግሞ ለትምህርት የሚሰጡ ሴቶች ኡፓናያና እንደሚደረግላቸው ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1875 የተመሠረተው አርያ ሳማጅ የተባለው የሂንዱ ተሃድሶ ንቅናቄ ለሴቶች ልጆችም ክሩን ይሰጣል። ታዲያ ሴትን ማስገባት እንዴት ባህል ማፍረስ ይሆናል?

መሪዎቹም አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር አታል ቢሃሪ ቫጅፓዪ ሲሞቱ እሳቱን የለኮሰችው ያሳደጓት ልጃቸው ናት። በ2021 የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹሙ ጄኔራል ቢፒን ራዋትና ባለቤታቸው በሄሊኮፕተር አደጋ ሲያልፉም ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው ናቸው የለኮሱት። አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን አይቷል።

ቀሪው ሥራ የካህናቱና የዘመድ አዝማድ ነው። የሟች ሴት ልጅ እያለች ወንድ የአጎት ልጅ ፍለጋ የሚላክበት ቤት አሁንም አለ። ፑኔ ከተማ ውስጥ ግን ሴቶች ለክህነት ሰልጥነው ሠርግም የሙት ሥርዓትም ይመራሉ። ሌሎች ከተሞችም ከፑኔ ይማሩ፤ ካህኑም ሐዘን ቤት ሲገባ መጀመሪያ ልጅቷን ይጠይቃት።