ለምድር ቤት ግድግዳ የትኛው ፎም?

የምድር ቤቱን ግድግዳ ከውጭ በኩል ሙቀት በሚከላከል የፎም ሰሌዳ ለመሸፈን ያሰበ አንድ ወዳጃችን የትኛውን ዓይነት ልግዛ ብሎ ቢያማክረን፣ በአጭሩ ይቋጫል ያልነው ጨዋታ ወደ ክርክር ዞረ።

በግንባታ ሥራ ዕድሜያቸውን ያሳለፉት አንጋፋው ሰው ያለ ማመንታት ኤክስፒኤስን (ቀልጦ በአንድ ወጥ ሰሌዳነት የሚወጣውን የፖሊስታይሪን ፎም) መረጡ። በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ክፍሎች የተዘጉ በመሆናቸው ውሃ እምብዛም እንደማይመጥ፣ በእኩል ውፍረትም ከኢፒኤስ (ከተነፉ የፖሊስታይሪን ፍሬዎች ተጣብቆ ከሚሠራው ፎም) የተሻለ ሙቀት እንደሚከላከል አስረዱ። «ውሃ የጠጣ ፎም ከተቀበረ በኋላ ማን ያወጣዋል?» አሉ።

ወጣቱ መሐንዲስ ግን፣ «ውሃ እምብዛም አይመጥም የሚያሰኘው ቁጥር እኮ ናሙናው ለ24 ሰዓት ውሃ ውስጥ ተነክሮ የተለካ ነው፤ ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው ግን ለአሥርት ዓመታት እርጥብ አፈር ታቅፎ ይኖራል» ሲል ሞገታቸው። አክሎም በኤክስፒኤስ ውስጥ የታመቀው ጋዝ ቀስ በቀስ ስለሚወጣ የመከላከል አቅሙ ከዓመት ዓመት እንደሚቀንስ፣ ፎሙን ለመንፋት ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየው ኤችኤፍሲ-134ኤ የተባለ ጋዝም ከእኩል ክብደት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,000 ጊዜ በላይ ከባቢ አየርን እንደሚያሞቅ ገለጸ። የኢፒኤስ ጋዝ ግን ቀድሞ ወጥቶ በአየር ስለሚተካ አቅሙ ብዙም አይለዋወጥም።

አንጋፋው ኢፒኤስ በጣት ሲነካ የሚፈረፈር የዕቃ ማሸጊያ ነው ብለው ሊያጣጥሉት ሞከሩ። ወጣቱ ሁለት ቁራጮች ሰብሮ አሳያቸው፦ በማሸጊያው ላይ ስብራቱ በፍሬዎቹ መካከል ሲያልፍ፣ ለመሠረት በተመረተው ጥቅጥቅ ባለው ላይ ግን ፍሬዎቹን ራሳቸውን ለሁለት ከፍሏቸዋል። እኔን ያሳመነኝ ይህ ነው። ፖሊአይሶ የተባለውን ሌላ የፎም ዓይነት ያነሳም ነበር፤ እርጥበት ስለሚመጥ ለተቀበረ ግድግዳ አይሆንም በሚለው ሁለቱም ወዲያው ተስማሙ።

እኔ ብሆን ጥቅጥቁን ኢፒኤስ በአንድ አምስተኛ ያህል አወፍረው ነበር፤ ይህም ግድግዳው አስቀድሞ በውሃ መከላከያ ከተሸፈነ፣ ከፎሙ ውጭ ጠጠር፣ ከመሠረቱ ግርጌም ውሃ የሚያስወግድ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ካለ ነው። የከርሰ ምድር ውሃ ግድግዳው ድረስ በሚደርስበት ቦታ ግን የአንጋፋውን ምክር እከተላለሁ። ሁለቱም ፎሞች በቤንዚን በቀጠነ ሬንጅ ስለሚሟሙ ማጣበቂያውን መርምሮ መግዛት፣ ከመሬት በላይ የሚቀረውንም ጠርዝ ፀሐይ እንዳያበላሸው በልስን መሸፈን ያስፈልጋል። ምስጥ በሚበዛበት አካባቢ ደግሞ፣ ፎም ባይበላም ውስጡን ቦርቡሮ ወደ ጣሪያው እንጨት ስለሚያልፍ፣ የሙቀት መከላከያውን ከግድግዳው በስተውስጥ ማድረግን እመርጣለሁ።