ለሲያትል ሐበሻ የቀረበ የመንገድ ምስጋና

የሲያትል ሐበሻ ሆይ፣ ዕድሜ ይስጥህ። ስለ መንገድ እንዳንተ የሚያውቅ የለም። ሬይነር አቬኑ ላይ የትኛው ጉድጓድ መቼ እንደተከፈተ፣ የማንን ጎማ እንደበላ፣ በየትኛው ሌይን ቢሸሹት እንደሚሻል በቃልህ ታውቃለህ። ኡበር ለሚነዳ ሰው ይሄ እንጀራ ነው። ቡና ቤት ቁጭ ብለህ «ይሄን ሁሉ ታክስ እየበሉ!» ስትል ጠረጴዛው በሙሉ «እውነት ነው» ይልሃል።

ከሁሉ የማደንቅልህ ግን ለድምፅ መስጫው ወረቀት ያለህን አክብሮት ነው። ዜግነት ወስዶ ለመራጭነት ለተመዘገበ ሰው ወረቀቱ ቤቱ ድረስ በፖስታ ይመጣል። ሲመለስ ቴምብር እንኳ አይፈልግም። መሙላት፣ ፖስታው ላይ መፈረም፣ መላክ፣ አለቀ። አንተ ግን የተከበረ ነገር በጥድፊያ አትነካም። ከፒዛ ኩፖኑና ከመብራት ቢሉ ጋር ታስቀምጠዋለህ። አንድ ወዳጄ ቤት ያየሁት ፖስታማ ሁለት የስኒ ክብ አርፎበታል፤ ጥጉ ላይ የበርበሬ ሻጯ ስልክ ተጽፎበታል። ሳይሞላ ቀረ እንጂ ያለ ጥቅም ቀረ አይባልም።

የሞላነውም ብንሆን ምስጋና አይቅርብን። በ2024 ምርጫ በትራምፕና በሀሪስ ስንት ወር ተከራከርን። ወዳጅ ተቀያየመ። የፕሬዚዳንቱን ክብ ስናጠቁር እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊበሳው ምንም አልቀረው። እዚያው ወረቀት ላይ የ1.55 ቢሊዮን ዶላር የንብረት ግብር ጥያቄ ነበረች፤ ለ8 ዓመት፣ ለመንገድ፣ ለድልድይ፣ ለእግረኛ መሄጃ። «ይሄ ደሞ ምንድን ነው?» ብለን ባዶዋን ያለፍናት አለን። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚሉን ምቀኞች ናቸው።

ከተማው በየጊዜው የሚለምነን ደግሞ ወዶ አይደለም። የዋሽንግተን ግዛት ሕግ ያለ ሕዝብ ድምፅ መደበኛውን የንብረት ግብር ገቢ፣ አዲስ ግንባታን ሳይጨምር፣ በዓመት ከ1 በመቶ በላይ ማሳደግ ይከለክላል። አስፋልት ግን ይሄን ሕግ አላነበበም፤ ዋጋው እንደፈለገ ይወጣል። ስለዚህ በ2006 የ365 ሚሊዮን ዶላር ሌቪ፣ ማለትም ሕዝብ ድምፅ የሚሰጥበት ተጨማሪ የንብረት ግብር፣ መጣ። በ2015 የ930 ሚሊዮን። ሁለቱም ለ9 ለ9 ዓመት። የ2024ቱን ጨምሮ ሦስቱም አለፉ። በ2018 ከተማው ራሱ የ2015ቱን ሒሳብ ሲከልስ ቃል የተገባው ሁሉ በዚያ ገንዘብ እንደማይሠራ አመነ። ይሄን ሰምቶ ስብሰባ ሄዶ «እንዴት ሆነ?» ያለ ወገን ካለ እጁን ያውጣ። እኛ ሌላ ሥራ ነበረን፤ እናማርር ነበር። የዌስት ሲያትል ድልድይ ተሰነጣጥቆ ከማርች 2020 ጀምሮ ሁለት ዓመት ተኩል ሲዘጋማ ወርቃማ ዘመናችን ሆነ።

«እኔ ተከራይ ነኝ፣ ፕሮፐርቲ ታክስ አይመለከተኝም» ለሚለው ደግሞ ልዩ ምስጋና አለኝ። አከራዩ ይሄን ሲሰማ አንጀቱ ይራራና ጭማሪውን ከኪሱ ይከፍላል።

ጉድጓድ ስናይ የምናደርገውም ያኮራል። ከተማው «ፋይንድ ኢት ፊክስ ኢት» የሚባል አፕ አለው። ፎቶ አንስቶ መላክ ነው፤ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ለመድፈን እንሞክራለን ይላሉ። እኛም ፎቶውን እናነሳለን፣ አሳምረን። ከመኪና ወርደን፣ ጫማችንን ለመጠን አስጠግተን። የምንልከው ግን ቫይበር ግሩፕ ላይ ነው። አዲስ አበባ ያለችው አክስታችን «ውይ፣ አሜሪካም አለ እንዴ!» ትላለች። አጎት ይስቃል። የአጎት ልጅ እኛ ሰፈር ያለውን ላሳያችሁ ብሎ የባሰ ይልካል። ጉድጓዱ ባይደፈንም ዘመድ ይጠያየቃል።

የአሁኑ ሌቪ 2032 ላይ ያበቃል። ያኔ ሌላ ወረቀት፣ ሌላ ቢሊዮን ይመጣል። ስጋት አይግባችሁ፣ ማማረሩን ከወዲሁ ጀምረነዋል። መሙላቱን ልጆቹ ይድረሱበት።