«አባቷን ነው የምታግዘው»

ለእህቴ ሠርግ ቀለበት ልገዛ አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ አንድ ወርቅ ቤት ገባሁ። ሚዛኑ ጋ የቆመችው የባለቤቱ ልጅ ናት። ቀለበቱን መዘነች፣ የግራሙን ነገረችኝ፣ የእጅ ዋጋውን ለብቻው አስልታ አሳየችኝ። አጠገቤ ሀብል ይመርጡ የነበሩ እናት «የኔ ልጅ፣ አባትሽ የሉም እንዴ?» አሏት። ፈገግ ብላ ከጓዳ ጠራችላቸው። አዛውንቱ ብቅ አሉና «እሷን ይጠይቋት እንጂ! እኔ ምን አውቃለሁ?» ብለው ተመለሱ።

ሴትዮዋ ሳይገዙ ወጡ።

በወሬ በወሬ እንደሰማሁት፣ ልጅቷ ሱቁ ከገባች አሥር ዓመት ሊሞላት ነው። በደብተር ይያዝ የነበረውን ዱቤ ኮምፒውተር ላይ አሰፈረችው። የሙሽራ ጌጡን ቴሌግራም ላይ ለጥፋ ከአሰላና ከመተሃራ ሳይቀር ደንበኛ አመጣች። ሰፈሩ ግን ዛሬም «አባቷን ነው የምታግዘው» ይላል። ታፔላው ላይ ያለው የወንድሟ ስም ነው። እሱ ካናዳ ከገባ ቆይቷል።

የእኛ ብቻ አመል አይደለም። የጣሊያኑ የፋሽን ቤት የፕራዳ መሥራች ማሪዮ ፕራዳ እ.ኤ.አ. በ1913 ከወንድሙ ጋር ሚላን ላይ የቆዳ ዕቃ ሱቅ ሲከፍት፣ ሴት ንግዱ ውስጥ እንድትገባ አይፈልግም ነበር ይባላል። ወንድ ልጁ ሥራውን አልፈለገውም። ሱቁን የያዘችው ሴት ልጁ ሉዊዛ ናት። በ1978 ደግሞ የእሷ ልጅ ሚውቻ ተረከበች። ይቺ በፖለቲካ ሳይንስ ዶክትሬት ያላት ሴት ከጥቂት ዓመት በኋላ በናይለን የተሠራ የጀርባ ቦርሳ አወጣች። በቆዳ ስሙን በተከለ ቤት ናይለን! አያትየው ቢያዩ ራሳቸውን ይዘው ይጮኹ ነበር። ቦርሳው ግን የቤቱ መለያ ሆነ።

«ሕጉ በውርስ እኩል አድርጓቸው የለ?» የሚል አይጠፋም። አድርጓል። እኔን የሚከነክነኝም እሱ ነው። አሥር ዓመት ሚዛን ላይ የቆመችውና ካናዳ የኖረው እኩል ሲካፈሉ፣ የእሷ ድካም የት ተቆጠረ? ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ሁለት ሰው ይበቃል፤ አባትና ልጅ። ድርሻዋን በቁማቸው ይስጧት።

አባቶች ሁለት ነገር ይፈራሉ። አንዱ «ልጆቼን አላጣላም» ነው። ጠቡ ግን ከአርባው በኋላ መምጣቱ አይቀርም፣ ያውም ዳኛ ፊት። ሁለተኛው ብዙ አይነገርም፤ «ነገ ታገባለች፣ ሀብቱ ሰው ቤት ይሄዳል» የሚለው ነው። በጋብቻዋ ቀን የነበራት፣ ኋላም በስጦታ ወይም በውርስ ያገኘችው ንብረት የግሏ ነው። ከባሏ ጋር የጋራ የሚሆነው ገቢው ነው። እሱም ቢሆን ለልጅ ልጆቻቸው እንጂ ለማን ይሄዳል?

ቀለበቱን ለመውሰድ ስመለስ ደረሰኙን ራሷ ጻፈችልኝ። ፊርማው የእሷ ነው። ማኅተሙ የአባቷ።